ስመኝ ጀርመኗ

«ጀርመኗ ዐረፈች!» ብሎ ነበር መልእክተኛው ከአጥር ውጭ የጮኸው። እኔ በረንዳው ላይ ጉልበቴን ፀሐይ እያስመታሁ ተቀምጫለሁ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ተማሪ ናት፣ ሮጣ መጣችና «እማማ፣ ፈረንጅ ሞተች ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«የምን ፈረንጅ! ስመኝ ናት እንጂ» አልኳት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስለብስ ልጅቷ «ታዲያ ለምን ጀርመኗ ይሏታል?» ብላ ተከተለችኝ። «ስመለስ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ግማሹ ለቀስተኛ ስመኝ ጀርመን አገር ኖራ የመጣች አስመስሎ ያወራል። አንዱማ የፈረንጅ ሚስት ነበረች አለ። ኧረ ወዲያ! ስመኝ ከጋይንት ወዲያ አልፋ አታውቅም፤ ባሏም የእስቴ ገበሬ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ተቆጥቼ ልናገር ብል በለቅሶ መሐል ነውር ሆነብኝ። እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገረው፣ ያውም ከሥሩ።

«ከሥሩ!» የሷ አነጋገር ነው። ከገበያ ስመለስ ወሬውን ከመሐሉ ከጀመርኩላት እጇን ታነሣና «ከሥሩ!» ትለኛለች። ማን እንደመጣ፣ ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ ሁሉም በተራው ካልሆነ አትሰማም። ይህን ያወረሷት አባቷ ናቸው። መሪጌታ ነበሩ፤ ከገሳይ ወዲያ ወንበር ዘርግተው ያስተምሩ ነበር። እሳቸው ዘንድ ተማሪ ትናንት የተቀበለውን ከመጀመሪያው አንሥቶ እስከ መጨረሻው ሳይመልስ አዲስ ቀለም አይሰጠውም። መሐል ላይ ከተደናቀፈ «ከሥሩ!» ይባላል፣ እንደገና ይጀምራል። ስመኝ ሴት ናትና ከተማሪዎቹ ጋር አላስቀመጧትም፤ ጆሮዋን ግን ማን ይከልክላት? እዚያው ጓሮ ሆና ስትሰማ አደገች።

እኔ የወንድሟ የደሴ ሚስት ነኝ። እናትና አባታቸው ቀድመው ሞተው ደሴን ያሳደገችው እሷ ናት፤ ባሏ ሲሞትባት ደግሞ ከኛ ጋር መኖር ጀመረች፤ ለብቻዋ የወጣችው በስተርጅናዋ ነው። ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን፣ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «አንቱ» አልኳት። «እኔ አማትሽ አይደለሁም፣ እህትሽ ነኝ። አንቺ በይኝ፤ ስትቆጪም ይመችሻል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በኋላ ስቆጣ ተመችቶኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ መሬት የምትቸኩልባት የምትመስል ሴት ነበረች። አንድ ነገር ቁርጥ ካደረገች መቀነቷን ትፈታና እንደገና አጥብቃ ትታጠቃለች። ደሴ ይህን ሲያይ «በቃ፣ ታጠቀች! ከእንግዲህ ማንም አይመልሳት» እያለ ይሥቅ ነበር።

ጣልያን ደብረ ታቦር ገብቶ ሰፈሩን ሲተክል እኛ ከከተማው ዳር፣ መንገዱ አፍ ላይ፣ አንዲት ቁራሽ መሬት ነበረችን። ገብስ እንዘራባታለን፤ ዳር ዳሩን ላማችን ትግጣለች። ይህችን መሬት አስተርጓሚው ተመኛት። ስሙን አልጠራውም፤ ልጆቹ ዛሬም አብረውን ይኖራሉ፣ እነሱ ምን አጠፉ! ሰውዬው ነጭ ኮት ለብሶ በበቅሎ የሚሄድ፣ ሻለቃው ከሕዝቡ ጋር የሚነጋገረው በሱ አፍ ብቻ የነበረ ሰው ነው። ደሴን «መሬቷን ልቀቅልኝ፣ ቤት ልሥራባት» አለው። ደሴም «ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ሞልቶ የኔዋ ብቻ ታየችህ?» ብሎ መለሰለት።

ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች ቤታችንን በረበሩ። ገብሱን ሳይቀር ከጎተራው ዘረገፉት። ምንም አላገኙም፤ ደሴን ግን አሥረው ወሰዱት። ለአርበኞች የሚያቀብለው ጠመንጃ ደብቋል ተባለ። ጠመንጃ! ደሴ እኮ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ሰው ነው፤ የፋሲካ ዕለት ጎረቤት እየለመንኩ ነበር የማሳርደው።

ሻለቃው ዘንድ አቤት ልንል ሄድን። ስመኝ ረጋ ብላ «ወንድሜ ጠመንጃ የለውም። ካላመኑኝ የቤቴ ወለል ይቆፈር፣ አንድ ጥይት ከተገኘ እኔም ልታሰር» አለች። አስተርጓሚው ወደ ሻለቃው ዞሮ ተናገረ። የሻለቃው ፊት በርበሬ መሰለ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታና አስወጣን። እኔ ነገሩ እንዴት እንደዚህ እንደሆነ ግራ ገባኝ፤ ስመኝ ግን አንድ ነገር ጠርጥራለች።

በሌላ ቀን ተመልሰን ገባን። የዚያን ዕለት ስመኝ ስለ ደሴ ትንፍሽ አላለችም። እጅ ነሥታ «ጌታዬ እንደምን አደሩ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ዝም። አስተርጓሚው ግን ዞሮ ብዙ አወራ፣ እጁን እያወራጨ አወራ። ሻለቃውም እንደገና ጠረጴዛውን መታ።

ስንወጣ «አየሽ?» አለችኝ። «እኔ እንደምን አደሩ ነው ያልኩት። ያ ሁሉ ወሬ ከየት መጣ? ሻለቃው እኛን ሰምቶን አያውቅም፤ የሚሰማው እሱን ነው።»

«ታዲያ ጣልያንኛ እንማር?»

«ብንማርስ? አፋችንን ስንከፍት ይሰማናል፣ ቀድሞ ያበላሽብናል። አንቺንም እኔንም ከደሴ አጠገብ ያስረናል።»

እኔ መንገድ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ ብብቴ ሥር እጇን አስገብታ አነሣችኝ። «ለቅሶው አያመልጥሽም፣ ቆይ» አለችኝ።

በዚያ ሰሞን እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው ባሕር ዳርቻ ወዳለ እስር ቤት ሊወስዷቸው ነው የሚል ወሬ ነበር። ከሌላ ቦታ ተጭኖ ከሄደ ሰው የተመለሰ አልሰማንም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ተስፋ ብቻ ነው፤ ከመጫናቸው በፊት ሐኪሙ አንድ በአንድ ያያቸዋል፣ «ይሄ መንገድ አይችልም» ያለው ይቀራል። ክረምቱ እንደወጣ ደግሞ አዲስ ሐኪም መጣ። «ዶክተሩ» ነበር የምንለው። ከሱ ጋር ዮሴፍ የሚባል ወታደር መጣ፤ ምግቡን የሚያበስልለት፣ ወተቱን የሚገዛለት እሱ ነው።

እኛ ጠዋት ጠዋት ከሌሎች ሴቶች ጋር በሰፈሩ በር ላይ ወተትና ቅቤ እንሸጥ ነበር። አንድ ቀን ዶክተሩና ዮሴፍ በሩ ላይ ቆመው ያወራሉ፣ አስተርጓሚው በመካከላቸው ቆሟል። እነሱ ይጫወታሉ፣ ይሣሣቃሉ። እሱ አንዴ ያንን፣ አንዴ ይሄንን ያያል። አብሯቸው ሊሥቅ ይሞክራል፤ የሚሥቀው ግን እነሱ ሥቀው ከጨረሱ በኋላ ነው። ስመኝ ወተት መቅዳቱን ትታ አፈጠጠችበት።

«አይገባውም» አለች።

«ምኑ?»

«ወሬያቸው! እይው እስቲ፣ አንዲት ቃል አልገባችውም። የሚያወሩት ጣልያንኛ አይደለም።» ቅሉን መሬት አስቀመጠች። መቀነቷን ፈታች፣ አጥብቃ ታጠቀች። «ይሄን ነው የምማረው» አለች።

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም፣ አንቺ ነሽ የጠየቅሽኝ።»

በኋላ እንደሰማነው ሁለቱ ሰዎች ከጣልያን አገር ሰሜን፣ ተራራ ከበዛበት ወገን ናቸው፤ ልብሳቸው የጣልያን ይሁን እንጂ የእናታቸው ቋንቋ ጀርመንኛ ነው። ያን ጊዜ ይህን ማን ነግሮን! ስመኝ የተማመነችው ያ ነጭ ኮት ለባሽ የማያውቀው ቋንቋ መሆኑን ብቻ ነው። ለሷ ይሄ በቂ ነበር።

በማግስቱ ዮሴፍ ወተት ሊገዛ ሲመጣ ቅሉን ከፍ አድርጋ፣ ምን ይባላል በሚል ዓይን አየችው። «ላቴ» አላት በጣልያንኛ። ራሷን ነቀነቀች። ዶክተሩ ያለበትን ድንኳን በአገጯ አሳየችው፤ አንተና እሱ የምትነጋገሩበትን፣ ማለቷ ነው። ቀይ ፊቱ ባሰበት፣ ግራና ቀኙን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሚልኽ» አላት።

በነጋታው ገና ከሩቅ ሲያያት ጣቱን አነሣ፣ ቅሉን አመለከተ። «ሚልኽ» አለችው። የሰውዬው ደስታ! እጁን አጨበጨበና ወደ ውሃው በርሜል እያሳየ «ቫሰር» አላት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ውድድር ሆነ። በየቀኑ አንድ ቃል ይሰጣታል። ስትመጣ እስካሁን የተቀበለችውን ሁሉ ካልመለሰች አንድ ስኒ ወተት በነጻ ይጠጣል፤ ከመለሰች አዲስ ቃል ታገኛለች። በነጻ የጠጣው ወተት ቢጠራቀም ጉሮሮ አያርስም!

ዮሴፍ እንደ ጨዋታ ነበር የያዘው፤ የአገሩን ናፍቆት ይወጣበታል መሰለኝ። እሱም የላም አገር ልጅ ነው። ቅቤያችንን ሲያሸት ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ጠዋት ጉና ላይ በረዶ ጥሎ ነጥቶ ሲያድር፣ ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ እየጮኸ «ሽኔ! ሽኔ!» አላት። የዚያን ቀን ቃል ይሄው ሆነ፤ ለሷ ምኗም አልነበረም፣ ግን ተቀበለችው። «መምህር የሰጠውን ይቀበሏል እንጂ ይመረጣል እንዴ?» አለችኝ።

ስመኝ ቃሉን የምትይዘው በዜማ ነው። እሷ ሌላ መማሪያ አታውቅም፤ አባቷ ዘንድ የሰማችው ሁሉ በዜማ ነውና። እህል ስታበጥር፣ ላም ስታልብ፣ ውሃ ስትቀዳ «ሚ-ል-ኽ፣ ቫ-ሰ-ር፣ ኩ፣ ቡ-ተ-ር» እያለች ታዜማለች፤ «ኩ» ላም ናት፣ «ቡተር» ቅቤ። የነፍስ አባታችን አንድ ቀን ሊጠይቁን ሲመጡ ከደጅ ሆነው ሰሙና ደነገጡ።

«አንቺ ልጅ! በቤተ ክርስቲያን ዜማ የፈረንጅ ላም ትጠሪበታለሽ?»

«አባ፣ ወንድሜ ይውጣልኝ እንጂ ንስሐዬን ይስጡኝ፣ የፈለጉትን ያህል እሰግዳለሁ» አለቻቸው።

«በይ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው» ብለው መስቀሉን አሳልመዋት ሄዱ።

ወተትና ቅቤ ደሴን አያስፈቱም፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። የሚያስፈልጋትን ቃል ግን ዮሴፍን ቀጥታ ልትጠይቀው አትችልም፤ መጠየቂያውም ቃል የላትም። ስለዚህ አድብታ ትጠብቃለች። ዮሴፍ የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ ያሳያት ዕለት «ሙተር፣ ፋተር» ብሎ እናቱንና አባቱን ካሳያት በኋላ፣ ጥግ ላይ የቆመውን ጎረምሳ በጣቷ ነካች። «ብሩደር» አላት። ወንድም! ቤት ስትገባ አቀፈችኝ፤ ማቀፍ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። የዘበኛውን ጠመንጃ አይታ ደግሞ «ገቬር» የሚለውን አገኘች። ላሟ አልታለብም ያለች ዕለት ባዶውን ቅል ገልብጣ ብታሳየው፣ ዮሴፍ ከልቡ አዝኖ «ካይን ሚልኽ!» አለ። «ካይን» የለም ማለት መሆኑን ያን ጊዜ ያዘች። አስተርጓሚው በበቅሎው ሲያልፍም በአገጯ ጠቆመችና «ዶልሜቸር» የሚለውን ተቀበለች።

አንድ ቃል ቀረ። ሐሰት። ሐሰትን በምን ጣት ታመለክቻታለሽ? ቀን ከሌት አሰበች። እኔ «ተዪው፣ ያለሽ ይበቃል» አልኳት። «ጠመንጃ የለውም ብዬ ብናገር፣ ዶልሜቸሩ አለው ብሏል ይሉኛል። ማን እንደዋሸ ካልተናገርኩ ምን ተናገርኩ?» አለችኝ።

አንድ ጠዋት ዮሴፍ ሲመጣ የሰፈሩ በቅሎ በሩ ላይ ታስራለች። ስመኝ ወደ በቅሎዋ ሄደች፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችና ፊቷን ሳታኮሳትር «ኩ» አለች። ላም! ዮሴፍ ሣቀና «ናይን፣ ናይን» አለ፣ አይደለም ማለቱ ነው። «ኩ!» አለች እሷ፣ በድፍረት። ይባስ ብላ ጎንበስ አለችና ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ቅሉን ደቅና ማለብ ጀመረች። እኔ በሐፍረት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። በቅሎዋ ብትረግጣትስ? ሴቶቹ ሁሉ ተንጫጩ፤ ዮሴፍ በሣቅ እንባው ፈሰሰ። ጣቱን እያወዛወዘ «ሊዩገ! ሊዩገ!» አላት።

እሷ በዚህ አልተታለለችም። «ሊዩገ» የበቅሎ ስም ቢሆንስ? ወደ ዘበኛው ዞረችና እሱንም «ኩ» አለችው። ዮሴፍ ሆዱን ይዞ «ሊዩገ!» አለ። ድንጋዩን «ኩ» አለች። «ሊዩገ!» አለ። ያን ጊዜ እውነትም ሐሰት መሆኑን አረጋገጠች። ወደኔ መጥታ ቀስ ብላ «ያዝኩት» አለችኝ።

አሁን ቃሉ ሁሉ ተገኘ፤ ጣጣው ሌላ ሆነ። ቤት ውስጥ እንለማመድ ብለን እኔ እንደ ዶክተሩ ተኮፍሼ ተቀመጥኩ። «በይ፣ ብሩደር በይ» አልኳት። አፏን ከፈተች። ከዚያ «ሚ-ል-ኽ...» ብላ ጀመረች። በሰንሰለት የተቀበለችውን ከመሐል መዝዛ ማውጣት አቃታት! ከሚልኽ ተነሥታ፣ ቫሰርን ተሻግራ፣ ላሟንና ቅቤውን አልፋ፣ ጉናን ወጥታ ካልወረደች ብሩደር ጋ አትደርስም። የመሪጌታ ልጅ መሆን እንዲህም ያደርጋል።

«እስክትደርሺ ካሚዮኑ ይሄዳል እኮ!» አልኳት ተናድጄ።

«ይጠብቀኛል» አለችኝ።

ካሚዮኖቹ ሳናስበው መጡ። በጠዋት ወተት ይዘን ብንሄድ በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው። የእስረኛ ዘመድ ሁሉ ተጠራርቶ በሩን ሞላው፤ ሴቱ ይጮኻል፣ ዘበኞቹ በሰደፍ ይገፋሉ። እስረኞቹ ተሰልፈዋል። ሻለቃው ቆሟል፣ አስተርጓሚው ስም ይጠራል፣ ዶክተሩ ዓይንና ደረት እያየ ያሳልፋል። ዮሴፍ ከጎኑ የመድኃኒት ሣጥን ይዟል። ደሴን አየሁት። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ሌላ ሰው መስሏል።

የደሴ ተራ ደርሶ ፊት ሲቀርብ ስመኝ በዘበኛው ክንድ ሥር ሹልክ ብላ ገባች። ዘበኛው ነጠላዋን ያዘው፤ ነጠላውን ለቀቀችለትና ሄደች። ሊከተላት ሲል ዮሴፍ አንድ ነገር ጮኸበት፣ ቆመ። ዶክተሩ ፊት ደረሰች። እጅ ነሣች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ጀመረች።

«ሚ-ል-ኽ...»

«አብዳለች» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ። ስመኝ ቫሰርን አለች፣ ላሟን አለች፣ ቅቤውን አለች። አስተርጓሚው መጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ ለሻለቃው በጣልያንኛ «እብድ ናት፣ እብድ ናት» አለው። ዶክተሩ ግን እጁን አነሣና ዝም አሰኘው። እሷ እሳቱን አለች፣ ዳቦውን፣ በረዶውን። እኔ ከሕዝቡ መሐል ሆኜ «ኧረ ቶሎ በይ!» እያልኩ ከንፈሬን ነክሼ አደማሁት። እሷ አልቸኮለችም። እናት። አባት። ብሩደር ጋ ስትደርስ ዓይኗን ገለጠችና እጇን ደሴ ደረት ላይ አሳረፈች። «ብሩደር። ካይን ገቬር።» ወደ ነጭ ኮቱ ዞረች። «ዶልሜቸር። ሊዩገ።»

የአስተርጓሚው ፊት አመድ መሰለ። ስለሱ እንደተነገረ ገብቶታል፤ ምን እንደተነገረ ግን አላወቀም።

ዶክተሩ መለሰላት፣ በዚያው በጀርመንኛ። ረጅም ነገር ተናገረ፤ በመጨረሻም የጠየቃት መሰለኝ፣ መልስ ጠብቆ ያያት ነበር። ስመኝ አንዲት ቃል አልገባትም። ያላትን ሁሉ ሰጥታ ጨርሳለች። በቃ፣ አለቀ አልኩ።

መቀነቷን አጥብቃ ታጠቀች። «ሚ-ል-ኽ» አለች፣ ከሥሩ።

ዮሴፍ ፊቱን አዞረ። ዶክተሩ ሁለተኛውን ዙር እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማት፤ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ደሴ ደረት ላይ አደረገ። ብዙ ቆየ። ቀና አለና ለሻለቃው «ማላቶ» አለው። ማላቶን ሁላችንም እናውቃታለን፤ በጣልያንኛ በሽተኛ ማለት ነች። ደሴ እንኳን ሊታመም አስነጥሶም አያውቅም! እግዜር ይስጠው ያን ሰው፣ የዋሸው ሐሰት ለኔ ከእውነት ሁሉ በለጠ። ደሴን ከሰልፉ ወደ ጎን አወጡት። እኔ መሬት ላይ ተደፋሁ፤ ሣቄና ለቅሶዬ ተደባለቀ።

ቀና ስል ስመኝ እዚያው ቆማለች። ወንድሟን አግኝታለች፣ ምን ትጠብቃለች? ከደሴ ቀጥሎ የቆመው የወንዛዬ አገር ሰው ነበር፤ ስሙን እንኳ አናውቀውም። እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች። «ብሩደር። ካይን ገቬር» አለች። ከሚልኽ አልጀመረችም። መዝዛ አወጣቻት!

«አንድ ወንድም ብቻ ነው ያላት! ጌታዬ፣ አንድ ብቻ ነው!» አለ አስተርጓሚው እየጮኸ፣ በጣልያንኛም በአማርኛም።

ዶክተሩ ሰውዬውንና እሷን እያፈራረቀ አየ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም። «ማላቶ» አለ።

ሦስተኛውም ላይ እጇን ጫነች። «ብሩደር» አለች። ሻለቃው ሰዓቱን አይቶ ጮኸ። ዶክተሩ አንገቱን ደፋና «ናይን» አላት። ናይንን ታውቃታለች። ያላወቀች መሰለች። አራተኛው ላይ «ብሩደር»፣ አምስተኛው ላይ «ብሩደር»፣ ሰዎቹ እየተጫኑ እሷ «ብሩደር፣ ብሩደር» እያለች እስከ ካሚዮኑ ድረስ ሄደች። ዶክተሩ ቀና ብሎ አላያትም። ካሚዮኖቹ ወደ ጋይንት መንገድ ወጡ፤ እናቶቹ አቧራው ውስጥ ቀሩ።

አመሻሹ ላይ አስተርጓሚው በራችን ድረስ መጥቶ «ምን ብለሽ ነው ያወራሽው?» አላት። «ወተቴን ነው የሸጥኩለት» አለችው። ምን እንደተባለበት አለማወቁ በላው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መሬታችን ቀና ብሎ አላየም። ደሴም በሐኪም ድንኳኑ ውስጥ ሳይታመም እያቃሰተ ሰንብቶ ወደ ቤቱ መጣልኝ፤ ከኔ ጋር ሸመገለ፣ ልጆችም ወለድን።

ስመኝ ግን በዚያ ዕለት ማታ እህል አልቀመሰችም። እኔ ደስታዬ አፍኖኝ እሷን አላየሁም ነበር። በነጋታው ቅሉን አንሥታ ልትወጣ ስትል «ደግሞ ወዴት? ደሴ ተረፈልን እኮ፣ ትምህርቱ ይብቃሽ» አልኳት።

«የተጫኑት ወዴት እንደሄዱ የሚጠየቅበት ቃል የለኝም» አለችኝ።

ቃሉን ከዮሴፍ ለማውጣት ስንት ቀን እንደፈጀባት አላስታውስም። ካሚዮኑን፣ መንገዱን፣ የራሷን ባዶ መዳፍ እያሳየች ደከመች። አንድ ቀን ይዛው መጣች፤ «ቮሂን» ይባላል፣ ወዴት ማለት ነው። ለራሷ ብቻ አላስቀረችውም። በየቤቱ እየዞረች ልጆቻቸው ለተወሰዱባቸው እናቶች አስተማረች፤ እስኪይዙት ድረስ ከሥሩ አስባለቻቸው። አሮጊቶቹ ምላሳቸው እምቢ ሲላቸው አልተቆጣችም።

ዶክተሩ በጠዋት ከሰፈሩ ሲወጣ እናቶቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ጠበቁት። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። የመጀመሪያዋ «ቮሂን?» አለችው። ሁለተኛዋ «ቮሂን?» አለችው። ሦስተኛዋም እንዲሁ። እየተራመደ ነበር፣ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ በመካከላቸው አለፈ።

በማግስቱም እዚያው ቆመው ጠበቁት። ስመኝ ከፊት ነበረች።